የቀይ ቀበሮው ሐቅ

ልጄ ሰሚራ ባለፈው ሳምንት ከተራራ ተመልሳ ቤት ስትገባ ሹራቧን አውልቃ ሳሎን ወንበር ላይ ወረወረችው። ልብስ በየወንበሩ መጣል በቤቴ ክልክል ነው። ልቆጣት ሹራቡን አነሳሁና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። ጦስኝ ከሚሴ ገበያም ደርቆ ይሸጣል፤ ይሄ ግን ጤዛ እንዳለበት የተረገጠ፣ እርጥብ ጦስኝ ነበር። ያንን ሽታ የማውቀው ከአንድ ቦታና ከአንድ ወቅት ብቻ ነው። ሹራቡን አጥፌ አስቀመጥኩላት። እናቷ ታመምክ እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ።

ሰሚራ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ሁለት ቀን በእግር ተጉዛ ከሸለቋችን በላይ ካለው ተራራ ወጥታ ነው የመጣችው። ስልኳን አቀበለችኝ። በሣሩ መሀል አንድ ቀይ አውሬ ቆሟል፤ ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ቀጭን፣ አፉ ረጅም።

«ቀይ ቀበሮ ነው አባ። በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት ነው፤ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው» አለችኝ። ከዚያ ፈገግ አለች። «ለመንገድ መሪያችን ያንተን ታሪክ ነገርኩት።»

«የትኛውን?»

«ገና ከተወለደ ውርንጭላ ላይ በዱላ ያባረርከውን ነዋ። ሳቀብኝ። ‹ይሄ አይጥና ፍልፈል ነው የሚበላው፤ አባትሽ ጅብ አይተው ይሆናል› አለኝ።» ፈገግታዋ ቀነሰ። «ጅብ ነበር እንዴ አባ?»

«ሻይሽ ቀዝቅዟል፤ ጠጪ» አልኳት።

እኔ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከተቀዳደዱ መጻሕፍትና ከሞተር መመሪያዎች ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ልጆቼን ያስተማርኳቸው ብዙ አይደለም። ሶላታችሁን ስገዱ፣ የሰው አትንኩ፣ አትዋሹ። ትልቁ ልጄ በስድስት ዓመቱ ስለተሰበረ ብርጭቆ ዋሽቶኝ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አቁሜዋለሁ። በዚያው አፌ ግን የውርንጭላውን ታሪክ ለአራቱም ልጆቼ ስነግር ኖሬያለሁ። ስለዚህ እንደነበረው ልጻፈው።

ታናሽ እህቴ በወባ በሞተች በዓመቱ ነው። ክረምቱ ወጥቶ የቦርከና ወንዝ ወደ አልጋው ሲመለስ ጨፋ በሚባለው የቆላ ሜዳችን ላይ ውሃ ይቀራል፤ ትንኙም ከዚያ ውሃ ይነሳል። እኔንም ወባው ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ነበር። እናቴ ማሽላው ማሳ ዳር ቆማ አባቴን «ይሄንን አልሰጥም» ስትለው ሰማኋት። ከዚያ የአባቴ እህት፣ እኛ በኦሮምኛው አዳዳ የምንላት ሐዋ፣ ከደጋ ገብስ ጭና ሰንበቴ ገበያ ወረደች። እናቴ እዚያ ድረስ ወሰደችኝ። አዳዳ ሐዋ ለእናቴ አንድ ቁና ገብስ ሰፈረችላት፤ እናቴ ደግሞ የልብሴን ጥቅልል ሰጠቻት፤ እጄንም አስያዘቻት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ገብሱ የእኔ ለውጥ መሰለኝ። አንድ ቁና ብቻ መሆኔ ከሁሉም በላይ አናደደኝ።

መንገዱ አንድ ቀን ከግማሽ ፈጀብን። አህያዋ ፊት ፊት፣ አዳዳ ከኋላዋ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። መጀመሪያ ማሽላው አለቀ፣ ቀጥሎ ግራሩ አለቀ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ዛፍ መጣ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ካደርንበት ቤት ስንወጣ ከአፌ ጭስ ወጣ። ቆምኩ። ደግሜ ስተነፍስ ደግሞ ወጣ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

«አዳዳ፣ እዪው፣ ወባው እየወጣ ነው» አልኳት።

አዳዳ ሐዋ አየችኝ። ፊቷ ላይ ሳቅ መጥቶ ሲመለስ ዛሬም ይታየኛል። «አውጣው ኢልማ ኮ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «አውጣው፣ ሁሉንም አውጣው። እኛ ጋ ሲደርስ በብርድ ይሞታል።»

እስከ ተራራው ትከሻ ድረስ ኡፍ ኡፍ እያልኩ ወጣሁ። አባቴ ቢሆን ያርመኝ ነበር። እኔም ብሆን ልጆቼን አርማለሁ። እሷ አላረመችኝም፤ ወባውም እውነትም ቀረልኝ።

አዳዳ ልጅ የላትም። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከእሱ የቀራት የድንጋይ ቤት፣ የገብስ ማሳና ዳማ የምትባል አንዲት ባዝራ ነበረች። ዳማ አርግዛለች። ከቤቱ አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ሲወጣ ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር የሚበቅልበት ሜዳ አለ፤ የመንደሩ ፈረሶች እዚያ ነበር የሚውሉት።

በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን አያ ኑሩ ሊጠይቁን መጡ። ጥርሳቸው ሁለት ብቻ የቀረ፣ ወሬያቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌ ነበሩ።

«ዘንድሮስ ዳማ ስትወልድ ትደርሽባታለሽ?» አሏት።

«አላህ ካለ። ከዚህ ልጅ ጋር እየወጣን በየቀኑ እናያታለን።»

«ይሄ ነው ሊያግዝሽ? የቆላ ልጅ ብርድ ሲነካው እንደ እንሽላሊት ድንጋይ ሥር ነው የሚገባው።»

«ተዉት አያ ኑሩ። እንሽላሊትም ዓይን አለው።»

ሳቁ። ከዚያ አዳዳ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «አምና በጉሙ ስፈልጋት ውዬ ስደርስ ጄዳላው እየበላ ነበር። ውርንጭላው ቀዝቅዟል» አለች። አያ ኑሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጄዳላ ማለት ቀበሮ መሆኑን አውቃለሁ። ጨፋ ላይ ቀበሮ የፍየል ግልገል ይወስዳል፤ አባቴም በድንጋይ ያባርረዋል። ስለዚህ የሰማሁት ነገር ግልጽ ነበር። አምና ቀበሮ የአዳዳን ውርንጭላ በልቷል። አምና የእኔም እህት ሞታለች። በልጅ ጭንቅላቴ ሁለቱን አንድ ላይ አሰርኳቸው። እህቴን የወሰደው የማይታይ ነገር ነው፤ ድንጋይ አይወረወርበትም። ይሄኛው ግን የሚታይ ነው። ይሄንን አልሰጥም ብዬ ለራሴ የእናቴን ቃል ወሰድኩ።

በየማለዳው የሱብሂ ሶላት እንዳለቀ እንወጣለን። መሬቱ በጤዛ የራሰ ነው፤ በረገጥነው ቁጥር የጦስኙ ሽታ ከእግራችን ሥር ይነሳል። አዳዳ ጉልበቷን ያማት ነበር። ሜዳው አፋፍ ላይ ጅብራ የሚባል አንድ ረጅም የደጋ ተክል አለ፤ እዚያ ስንደርስ ከሥሩ ትቀመጥና እኔ ብቻዬን ወደፊት ሄጄ ዳማን አይቼ እመለሳለሁ።

«ምን አየህ?» ትለኛለች።

«ዳማን።»

«ሆዷስ?»

«ወርዷል። ጡቷም ሞልቷል።»

«ሌላስ?»

«ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ብዙ ጭላዳ።»

«ሌላስ?»

ለምን ሌላስ ሌላስ እንደምትል አልነገረችኝም። የምታውቀውን ነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስላት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አየሁት። ዳማ ከሌሎቹ ፈረሶች ተነጥላ ትግጣለች። ከኋላዋ፣ የድንጋይ ውርወራ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ቀይ ነገር አብሯት ይሄዳል። ስትቆም ይቆማል፤ ስትራመድ ይራመዳል። የጨፋ ቀበሮ ሰው ሲያይ ጀርባውን አጉብጦ ይሸሻል። ይሄ አልሸሸም። ዞሮ አየኝ፤ አየኝና እዚህ ግባ የሚባል ነገር እንዳልሆንኩ ሁሉ ፊቱን ወደ ዳማ መለሰ። በጭላዳዎቹ መሀል ሲያልፍ አንዳቸውም አልደነበሩም፤ ሣራቸውን እየነጩ መንገድ ለቀቁለት። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ነበር። ቀለሙ የተቀጠቀጠ በርበሬ ይመስል ነበር። ቆንጆ መሆኑ ይበልጥ አስጠላኝ።

ድንጋይ አነሳሁ። የመጀመሪያው አልደረሰም። ሁለተኛው አጠገቡ ወደቀ። ሮጦ ራቅ አለና ተቀመጠ።

«ሌላስ?» አለችኝ አዳዳ ስመለስ።

«ምንም» አልኩ።

ለምን ዋሸሁ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንደኛ፣ ብነግራት ብቻዬን እንዳልሄድ ትከለክለኛለች ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው ምክንያት የባሰ ነው። ውርንጭላው በሰላም ሲወለድ «እኔ ነኝ ያተረፍኩት» ብዬ ልነግራት ፈለግሁ። ክፉ ነገር ለመሥራት የሚዋሽ ሰው ብዙ አላየሁም። የሚበዛው እንደ እኔ ጀግና ለመባል የሚዋሸው ነው።

«እንግዲያው ገና ናት» አለች አዳዳ፤ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

አምስት ቀን እንዲህ ሆነ። ኪሴን በጠጠር ሞልቼ እወጣለሁ፣ እወረውራለሁ፣ «ምንም» እላለሁ፤ እሷም «ገና ናት» ትላለች። በአምስተኛው ቀን እጄ ተለማመደ። ድንጋዩ የፊት እግሩን አገኘው። እንደ ቡችላ ጮኸ። እንደ አውሬ ይጮሃል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ያንን እግሩን አንጠልጥሎ በሦስቱ እየተወላገደ ከጉብታው ማዶ ጠፋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያን ቀን ቁልቁል ስንወርድ ምሳ አልበላም አልኩ፤ አዳዳ ወባው ተመለሰ ብላ ግንባሬን ስትዳስስ ዋለች።

በማግሥቱ ጉም ነበር። ከደጃፋችን የአህያዋ ጅራት እንኳ አይታይም። ቤታችን እየተቃጠለ መሰለኝና ለማሽተት ሞከርኩ። ሜዳው ላይ ስንደርስ አዳዳ ጅብራው ሥር አልተቀመጠችም። ዳማ ከምትውልበት ቦታ አብረን ሄድን። የለችም። ጭላዳዎቹም የሉም። «ዳማ፣ ዳማ» ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋ ጥጥ ላይ እንደወደቀ እዚያው ቀረ።

«ልትወልድ ተነጥላለች» አለች። «ገና ናት ብዬ እንጂ ትናንት ከቤት አሳድራት ነበር።» ወደ ግራ ጥቂት ሄደች፣ ተመለሰች። አምና እንዲህ እንደነበረች ገባኝ። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። «ዓይንህ ጥሩ ነው። ዳማን አትፈልግ። ጄዳላውን ፈልግ።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? ጄዳላ ፈርዳ እኮ ነው፣ የፈረስ ቀበሮ። ባዝራ ልትወልድ ስትል ያውቃል፤ ቀናት ሲቀራት ይከተላታል። እሱ የተቀመጠበት እሷ አለች።»

«ሊበላው ነዋ። ውርንጭላውን።»

«አስተግፊሩላህ። ለአይጥ በተሠራ አፍ ፈረስ ይበላል? እንግዴ ልጁን ነው የሚጠብቀው። አምናም ያገኘኋት በእሱ ነው፤ ግን ዘገየሁ። የሽሉ ሽፋን ውርንጭላው አፍንጫ ላይ ቀርቶ ነበር። የሚቀድለት ሰው አጥቶ ታፍኖ ሞተ።»

ኪሴ ውስጥ የቀረው ጠጠር ከበደኝ። እንዳገኘው የላከችኝን ነገር ያባረርኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ ዱላ ይዤ የቆምኩበት ነው የሚሉት ቦታ ይሄ ነው። ዱላ አልነበረኝም። ጠጠር ብቻ ነበረኝ።

«አዳዳ» አልኩ።

«ወይ።»

«አይመጣም። በድንጋይ አባርሬዋለሁ።»

እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። ጉሙ በመካከላችን ያልፋል።

«መቼ?»

«በየቀኑ። አምስት ቀን።»

«ሌላስ ስልህ ምንም ስትለኝ?»

«አዎ።»

«መታኸው?»

«ትናንት። እግሩን።»

ትመታኛለች ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አዳዳ ሐዋ ያን የታመመ ጉልበቷን አጥፋ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች፤ እኔንም ወደ ታች ሳበችኝ። «እንግዲህ ከመጣ በእሱ ቸርነት ነው» አለች። «እንደ እኔና አንተ ቂመኛ ላይሆን ይችላል። ኡፍ ኡፍህን ተውና ዝም ብለህ እይ።»

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። አዳዳ በሹክሹክታ ዱዓ ታደርጋለች። ጤዛው ሱሪዬን አልፎ ገላዬ ደረሰ። ጉሙ አንድ ጊዜ ሳሳ፣ ተመልሶ ገጠመ፣ ደግሞ ሳሳ። ከበታችን በኩል፣ አንድ ድንጋይ ላይ፣ በርበሬ የመሰለ ቀለም ታየኝ።

«አዳዳ።»

«አየሁት።»

ተቀምጧል። የፊት እግሩን ከመሬት አንስቶ ደረቱ ላይ አስጠግቶታል። ፊቱ ወደ አንድ ጎድጓዳ ቦታ ነው።

አዳዳ በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደሮጠች አልገባኝም። ስደርስ ዳማ በጎኗ ተኝታ ትተነፍሳለች፤ ውርንጭላው ከኋላዋ ወድቋል፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሁሉ ነገሩ እግር ብቻ። አፍንጫው ላይ እንደ ላስቲክ የሚያበራ ስስ ነገር ተለጥፏል። አዳዳ ቢስሚላሂ ብላ በጥፍሯ ቀደደችው፣ አፉን በጣቷ ጠረገች፣ አፍንጫው ላይ አፏን አድርጋ ነፋች። ምንም የለም። ጓሳ ነጭታ ጎኑን አሸችው። ደግማ ነፋች። ውርንጭላው አስነጠሰ።

አፏ ሁሉ ርሶ ነበር። «አልሀምዱሊላህ» አለችና ወዲያው «ሹራብህን አምጣ» አለችኝ። ሹራቤን አውልቄ ሰጠኋት፤ ውርንጭላውን አደረቀችበት። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ለባሏ ይሁን ለውርንጭላው አልጠየቅኋትም። እኔ እህቴን እያሰብኩ አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእህቴ አላለቀስኩም ነበር።

ውርንጭላው ቆሞ መጥባት ሲጀምር እንግዴ ልጁ ወረደ። አዳዳ ጠራችኝ። «ና። ይሄንን ተሸከምና ውሰድለት።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን መታው?»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ከባድ ነበር፣ ያዳልጣል፣ ይሞቃል። ከቆላ ከወጣሁ ጀምሮ እጄ እንደዚያ ሞቆት አያውቅም። «ሰደቃ ነው አዳዳ?» አልኳት፤ እናቴ ለነዳያን እህል የምትሰጠው ትዝ ብሎኝ ነው።

«ሰደቃ ከራስህ የምትሰጠው ነው። ይሄ የእሱ ነው፤ ሐቁ ነው» አለችኝ። «አስቀምጥለትና ጀርባህን ሳትሰጥ ተመለስ። ኪስህን አስቀድመህ አራግፍ።»

እንግዴ ልጁን መልሼ አስቀምጬ ጠጠሮቹን አራገፍኩ። እንደገና ተሸክሜ ሄድኩ። ሲያየኝ ተነሳ፤ በሦስት እግሩ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ግን አልሄደም። ከድንጋዩ ሥር አስቀመጥኩለት። ዓይኑ ፊቴ ላይ አልነበረም። እጄ ላይ ነበር። ምን እንደያዝኩ እያየ ነበር። ባዶ መሆናቸውን እንዲያይ ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ ወደ ኋላ ተራመድኩ። አዳዳ ጋ ስደርስ ብቻ መጥቶ በላ።

እናቴ ከጨፋ ላይ ውሃው ሲደርቅ ልካ አስመጣችኝ። ከሚሴ ትምህርት ቤት ስመለስ ልጆች «የት ነበርክ?» ሲሉኝ ቀይ ቀበሮ እንዳየሁ ነገርኳቸው። በማግሥቱ አባረርኩት አልኩ። በሌላው ቀን ዱላ ጨመርኩ። የቀረውን ዓመታቱ ራሳቸው ሠሩት። አዳዳ ሐዋ እስክትሞት ድረስ ይሄንን ታሪክ በእሷ ፊት አንድ ቀን አውርቼው አላውቅም፤ ውሸት መሆኑን እኔም እንደማውቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ትናንት ማታ ሰሚራን አስቀምጬ ይህን አነበብኩላት። እንደምትስቅ ወይም ስለ ወንድሟና ስለ ብርጭቆው እንደምታነሳ ጠብቄ ነበር። ብታነሳ ሐቋ ነው። አላነሳችም።

«እግሩ ዳነ?» አለችኝ።

አዎ ማለት ፈለግሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አላየሁትም።

«አላውቅም» አልኳት። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ብዙ ጊዜ የሰማች አይመስለኝም።

ሰሚራ ስልኳን አነሳች። ያንን ፎቶ አውጥታ ምስሉን በሁለት ጣቶቿ አሰፋችው፤ ወደ እኔ ጠጋ ብላ አሳየችኝ። ያኛው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም አንድ ላይ አጎንብሰን እግሮቹን ቆጠርን። አራቱም መሬት ረግጠዋል።